ናትናኤል ስለ ናዝሬት የተናገረው ነገር ትርጓሜ

ፊልጶስ የናዝሬቱን ኢየሱስን እንዳገኙ በነገረው ጊዜ፥ ናትናኤል ከዚያች አገር ደግ ነገር መውጣቱን ተጠራጠረ (ዮሐ. 1፥46)። ይህን ማለቱ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፤ ናዝሬት በብሉይ መጻሕፍት ስሟ ያልተጠራ ትንሽ መንደር ናትና ነው። አንድም፤ እርሱ ራሱ በገሊላ የምትገኘው የቃና ሰው ነውና (ዮሐ. 21፥2) የጎረቤት ንቀት ነው፤ ሰው የሩቁን አገር በወሬ ያከብራል፥ የቅርቡን በልማድ ይንቃል። አውግስጢኖስ ቃሉን የጥርጥር ሳይሆን የመቀበል አድርጎ ተርጕሞታል፤ ነገር ግን ፊልጶስ መጥቶ እንዲያይ መጋበዙ ናትናኤል ተጠራጥሮ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የናትናኤል ጥርጥር ግን ብዙ አልቆየም፤ ተነሥቶ ሄዷልና። የፈሪሳውያን ከዚህ ይከፋል። ኒቆዲሞስ ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ እንዳይገባ ባሳሰባቸው ጊዜ፥ እርሱንም ገሊላዊ አድርገው ዘበቱበት፤ ከገሊላ ነቢይ እንደማይነሣም መጽሐፍ መርምሮ እንዲያይ ነገሩት (ዮሐ. 7፥50-52)። መርምር የሚሉት እነርሱ አልመረመሩም። ነቢዩ ዮናስ የጋትሔፌር ሰው ነው (ነገሥት ካልዕ 14፥25)፤ ጋትሔፌርም በዛብሎን ዕጣ ያለች (ኢያ. 19፥13)፥ የገሊላ ምድር፥ ለዚያችው ለናዝሬት ጎረቤት ናት። የአገር ስም ሊቁን እንኳ የሚያውቀውን ያስረሳዋል።

ይህ ነገር በገበያ ዕቃም ይታያል። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማ ቢላዋ ስመ ጥር ስለ ነበረ፥ አንዳንድ የጀርመን ሠሪዎች በርካሽ ቢላዋቸው ላይ የሼፊልድን ስም ይቀርጹ ነበር። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓመት በወጣ ሕግ፥ የእንግሊዝን ነጋዴ ስም ወይም ምልክት ይዞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ታዘዘ። ገዢው የጀርመንን ስም አይቶ ይሸሻል ተብሎ ነበር። ነገር ግን የጀርመኖች ሥራ እየተሻለ ሄደና፥ ለነቀፋ የታዘዘው ጽሕፈት የምስጋና ምልክት ሆነ። ቢላዋ በገዛው ሰው እጅ ስለሚፈተን ስሙን ሊያድስ ይችላል፤ በአገሩ ስም ምክንያት ከደጅ የተመለሰ ሰው ግን የሚፈተንበትን ቀን አያገኝም።

የናዝሬት ስም ራሱ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ሆኖ ነበር። ጠርጠሉስ በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ጳውሎስን ሲከስ፥ የናዝራውያን ወገን መሪ ብሎ ጠራው (ሐዋ. 24፥5)፤ የአገሩ ስም ብቻውን ክስ ይሆናል ብሎ ነው። ክርስቲያኖች ግን ስሙን አላፈሩበትም። ዐረቦችም ክርስቲያኖችን እስከ ዛሬ ድረስ ነሳራ ይሏቸዋል።