ልብ ወለድ ማንበብ የሚጎዳን መቼ ነው?

ልብ ወለድ የሰውን ስሜት ያስረዳናል፤ ቋንቋችንንም ያበለጽጋል። ሲበዛ ግን ጉዳት አለው። እንደ ሥነ ልቦና አማካሪ ሦስቱን ላንሳ።

1. እንቅልፍ፦ ደራሲው ምዕራፉን የሚዘጋው ልባችንን አንጠልጥሎ ነው። «አንድ ምዕራፍ ብቻ» ስንል ሌሊቱ ይጋመሳል። አዋቂ ሰው ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት።

2. ሽሽት፦ የቀረበ ፈተና ወይም ከትዳር አጋር ጋር ያልተፈታ ቅሬታ እያለ መጽሐፍ ውስጥ መደበቅ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ችግሩ ግን ይከርማል። አንዳንዱ ሰው መጽሐፉን ከዘጋ በኋላም በሐሳቡ ታሪኩን እየቀጠለ ሰዓታት ያሳልፋል። በእስራኤል የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ኤሊ ሶመር እንዲህ ያለውን ኑሮን የሚያውክ የቀን ቅዠት በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ገልጸውታል።

3. የፍቅር ሚዛን፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ያልተነካ ጥቂት ነው። ነገር ግን ልብ ወለድ የሚመርጠው ትልልቁን ስሜት ነው። የቤት ኪራዩን በጊዜ የሚከፍል፣ ልጅ ሲታመም አብሮ የሚያድር ሰው ታሪክ ውስጥ እምብዛም ቦታ የለውም። የራሳችንን ሰው በገጸ ባሕርይ ከለካን እንበድለዋለን።

ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሳነብ የምዘለው ምንድን ነው? እንቅልፍ፣ ሥራ ወይም ሰው ከሆነ የንባብ ሰዓት ወስኑ፤ ስላነበባችሁት ከሰው ጋር ተወያዩ። ማቆም ካቃታችሁ ባለሙያ አማክሩ። ንባብ ኑሯችሁን ያግዝ እንጂ አይተካው።