ፈረስ የሚማሩበት ኮሌጅ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨና ወረዳ፣ ዋጫ የምትባል ከተማ አለች። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቆየ ወዳጄን ልጠይቅ ወደዚያ ሄጄ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ ቡናውን ቀድታ ስታበቃ "ጋሼ፣ ፈረስ የሚማሩበት ኮሌጅ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። አባቷ ሳቀ። እኔም ልስቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገሩን ስሰማ ግን ሳቄ ጠፋ።

ለካ ፈረሳቸው ሞቶባቸዋል። ማታ ደህና ያደረ ፈረስ ጠዋት አተኮሰው፤ ከዓይኖቹ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ አበጠ፤ በማግስቱ ከአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ ወደቀ። ቡናቸውን ለገበያ የሚያወርደው፣ ክረምት መንገዱ ሲጨቀይ በሽተኛ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ምን እንደገደለው የነገራቸው የለም። ልጅቷ መማር የፈለገችው ይህንን ነው።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። ስለ ፈረስ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ስመለስ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄን ያዝኩት።

እንደ ነገረኝ ከሆነ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። አንዱ በባዮሎጂ ገብቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍንና የሁለተኛ ዲግሪን በፈረስ ላይ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የእንስሳት ሳይንስ ሲሆን እርባታና መኖ ላይ ያተኩራል። ሦስተኛውና ረጅሙ የእንስሳት ሕክምና ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፍቷል፤ ለዋጫ የሚቀርበው ግን የጅማው ነው።

በየትኛውም ቢገቡ የሚያገኙት ፍጡር ከበሬ የተለየ ነው። በሬ መኖውን የሚያብላላው ገና በጨጓራው ሲሆን፣ ፈረስ ግን ሥራውን ለትልቁ አንጀቱ ይተወዋል። በዚያ ላይ ማስመለስ አይችልም። የሆድ ቁርጠት በሬን ሳያሳስብ ፈረስን የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። የፈረስ ክሮሞዞም 64፣ የአህያ 62 ነው፤ በቅሎ በመካከል 63 ይዛ ስለምትወለድ ትመክናለች። የበቅሎን መካንነት በተረት ስንቀልድበት ኖረናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የዋጫውን ፈረስ ምልክቶች ስነግረው ወዳጄ "የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይመስላል፤ ያለ ላቦራቶሪ ግን አልምልም" አለኝ። ቫይረስ ነው፤ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያደርሱት ከትንኝ ያነሱ፣ ምሽትና ንጋት ላይ የሚናከሱ ነፍሳት ናቸው። ሳንባን የያዘ እንደሆነ ከፈረስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አህያ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይመስላት ታልፈዋለች። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ይመረታል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። የአገራችን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በቁመናቸው በስምንት ከፍለዋቸዋል፤ አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረን፣ ሆሮ፣ ሰላሌ፣ ኦጋዴን፣ የኩንዱዶ የዱር ፈረስና ከፋ። የከፋ ፈረስ ራሱን የቻለ ስም አለው ማለት ነው! ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን መሪዎቻችንን በፈረስ ስም የምንጠራ ሰዎች፣ ፈረሱን ራሱን ለማወቅ ይህን ያህል መዘግየታችን ያሳፍራል። ቦንጋ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያው ርዕስ አጣሁ ብሎ ከኢንተርኔት ከሚቀዳ፣ የገበያ ቀን ወጥቶ የፈረሶቹን ቁመትና ጥርስ ቢመዘግብ፣ ምን እንደሚበሉና በምን እንደሚሞቱ ባለቤቶቹን ቢጠይቅ ማንም ያልጻፈውን ይጽፋል።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ በስልክ ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና "ያን ጊዜ ደሙን ቢወስዱለት ኖሮ ይታወቅ ነበር ማለት ነው?" አለች። አዎ፣ በጊዜው ወደ ላቦራቶሪ ቢደርስ ኖሮ ይታወቅ ነበር አልኳት። ምርጫዋን ሕክምናው ላይ ልታደርግ ነው። አባቷ ስልኩን ተቀብሎ ሌላ ፈረስ ሊገዙ መሆኑን አጫወተኝ። ከመግዛትህ በፊት የወረዳውን እንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ክትባቱ ጠይቅ፣ ዝናቡ ሳይገባ አልኩት።