በዓይን የማይታዩት የአፈር ሠራተኞች እንዳይመረዙ

የጎጃም ደጋ ገበሬ የደከመ ማሳውን ግብጦ እየዘራ ሲያሳርፍ ኖሯል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያም ሆነ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ አራሽ ግብጦ መሬት እንደሚያድስ ያውቃል። ምሥጢሩ በተክሉ ሥር ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ውስጥ ነው። በእባጮቹ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያዘጋጃሉ። ባቄላና አተርም እንዲሁ ናቸው።

በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ እንዲህ ያሉ ረቂቅ ተሐዋስያን በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከእነርሱም መካከል ፈንገሶች ገለባውን፣ ቅጠሉንና ፍጉን ያበሰብሳሉ። ይህን የሚያደርጉት ኢንዛይም የተባለ ንጥረ ነገር ከአካላቸው እያመነጩ ነው። ጠላ ሲጠመቅ የብቅል ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት እንደሚለውጥ ሁሉ፣ የፈንገስ ኢንዛይምም ገለባውን ፈትቶ የሰብል ምግብ ያደርገዋል። ሌላ ዓይነት ኢንዛይም ደግሞ በብስባሹ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ ይለቃል። የደጋው ቀይ አፈር ኮምጣጣና ፎስፈረስን አጥብቆ የሚይዝ በመሆኑ ይህ ሥራ በአካባቢው ልዩ ጥቅም አለው።

እነዚህን ሠራተኞች ከሚጎዱት አንዱ እኛው «መድኃኒት» እያልን የምንጠራው መርዝ ነው። ሆኖም ሁሉም እኩል አይደለም። ለጤፍ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ በተገቢው መጠን ከሆነ ሕይወት ባለው አፈር ውስጥ በሳምንታት ይበላል፤ የሚበሉትም እነዚሁ ተሐዋስያን ናቸው። ዲዲቲ ግን ከጭቃውና ከብስባሹ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ግማሹ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። መርዝ በአንድ ቦታ ሲበዛ ከተሐዋስያኑ ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ የኢንዛይሙም ሥራ ይዳከማል። አንዳንዱ መርዝ ደግሞ የባቄላው ሥርና ባክቴሪያው የሚጠራሩበትን ምልክት ስለሚያውክ እባጩ ያንሳል።

ለወባ መከላከያ የመጣው ዲዲቲ በአገራችን ወደ ጎተራና ወደ ማሳ የገባበት ጊዜ ነበር። ለአንበጣና ለተምች የመጣው መርዝም ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው ተሰብስቦ በፊንላንድ እንዲቃጠል ተልኳል። በግንቦት 1993 ዓ.ም. የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ከመከላከል በቀር በማሳ ላይ እንዳይውል ከልክሏል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳቱን በቀላል ፈተና ለአባላት ማሳየት ይችላሉ። በክረምት መግቢያ እኩል የተቆረጡ ሁለት የአቡጀዲ ቁራጮች ይዘጋጁ። አንዱ መርጫ ዘወትር በሚታጠብበት ቦታ፣ ሌላው በዚያው ዓይነት ንጹሕ አፈር በአንድ ስንዝር ጥልቀት ይቀበር። በሁለት ወር ሲወጡ በጤነኛው አፈር ያለው ተበልቶ ይበጣጠሳል፤ ጥጡን የፈታው የፈንገሱና የባክቴሪያው ኢንዛይም ነውና። ሌላው እንደነበረ ከተገኘ ሠራተኞቹ መጎዳታቸውን ያመለክታል። ውኃ የሚተኛበት ቦታም መበስበስን ስለሚያዘገይ ሁለቱ ቦታዎች ተመሳሳይ ይሁኑ። ቆፋሪው ጓንት ያድርግ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር የሚከተሉትን በስብሰባ ቢወስን መልካም ነው።

አንደኛ፣ መርጫ በምንጭና በወንዝ ዳር አይታጠብ፤ እጣቢው በተረጨው ማሳ ላይ ተበትኖ ይርጭ እንጂ በአንድ ቦታ አይፈስስ።

ሁለተኛ፣ ባዶ ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ፤ ለውኃ፣ ለወተት ወይም ለአረቄ አይዋል።

ሦስተኛ፣ በጎተራ ጥግ የተረሳ አሮጌ ዱቄት የተገኘበት አባል አይቅበረው፣ አያቃጥለው፣ አይሽጠው። ከእህልና ከልጆች አርቆ ቆልፎበት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። ያመጣ ሰውም አይወቀስ፤ ወቀሳ ከፈራ ሌሊት ገደል ይጥለዋል።

አራተኛ፣ ፍግና ብስባሽ ወደ ማሳው ይመለስ። የተረፈውን መርዝ ቀስ በቀስ የሚያጠፉት ተሐዋስያን ቀለባቸው ይኸው ነው።

በ1977 ዓ.ም. የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንጨት የሚያበሰብስ አንድ ፈንገስ ዲዲቲን ሳይቀር እንደሚፈታ አሳይተዋል። ይህ ግን በቤተ ሙከራ የታየ፣ ጊዜም የሚፈልግ ሥራ ነው። ማሳችንን የሚያጸዱልንን እኛው ቀድመን ከገደልናቸው የሚተካቸው አይኖርም።