የመኪና ፊልትሮ፦ ለወኪሉ ጋራዥ እንስጠው ወይስ ራሳችን እንቀይረው?

ካኩማ ካምፕ ውስጥ የማታ ትምህርታችንን ይከታተል የነበረ፣ ዛሬ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ውስጥ የአንድ ሀበሻ ቤተሰብ ሹፌር ሆኖ የሚሠራ ወንድማችን ባለፈው ወር ቢሮአችን ጎራ ብሎ ነበር። ሰላምታውም ቡናውም ካለቀ በኋላ የመጣበትን ጉዳይ አወጣው። «ጋሼ የመኪናውን ሰርቪስ ነገር ላንተ ትቼዋለሁ አሉኝ። ወኪሉ ጋራዥ ብወስደው ‹ይህን ሁሉ ገንዘብ ለፊልትሮ?› ብለው ይቆጣሉ። ራሴ ቀይሬው አንድ ነገር ቢበላሽ ደግሞ እንጀራዬ ነው የሚሄደው። እስቲ ምን ይሻለኛል?»

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። ከሁርሊንግሃም ተነስታ በናኩሩ፣ በኤልዶሬት፣ በኪታሌና በሎድዋር አድርጋ መጻሕፍትና የፈተና ወረቀት ካኩማ የምታደርሰው የፕሮጀክታችን ላንድክሩዘርም በየሰርቪሱ ይህንኑ ታስጠይቀናለች። ለጋራዥ የሚወጣው ሽልንግ ለደብተር ከሚወጣው ሽልንግ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ አሰብን። ዶን ቦስኮ ካኩማ ውስጥ በሚሰጠው የመኪና ጥገና ትምህርት ላይ ያላችሁ አንባብያን፣ አንዳንዱን የምታውቁት ቢሆንም ታገሡን።

በመጀመሪያ ነገር ፊልትሮ ስንል አንድ ዕቃ ማለታችን አይደለም። በአብዛኛው መኪና ላይ አራት ናቸው፤ የአየር፣ የዘይት፣ የነዳጅ እና ወደ ተሳፋሪው የሚገባውን አየር የምታጣራው የካቢን ፊልትሮ። ሥራቸው ይመሳሰል እንጂ ስህተት ሲሠራባቸው የሚያስከፍሉት ዋጋ ለየቅል ነው። ሰዎች ሲከራከሩ የምንሰማው ግን «ወኪል ጋራዥ ይሻላል»፣ «የለም፣ ራስ መሥራት ይሻላል» እያሉ አራቱን በአንድ ጆንያ ከተው ነው። ክርክሩ የማያልቀው ለዚህ ይመስለናል።

ከቀላሉ እንጀምር። የካቢን ፊልትሮ በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ የምትገኘው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ መሳቢያ ኋላ ነው። መሳቢያውን ከሁለቱም ጎን ጫን ብሎ ማውጣት፣ አሮጌዋን መሳብ፣ አዲሷን ቀስቱ በሚያሳየው አቅጣጫ ማስገባት፣ በቃ። ቢሳሳቱ እንኳ የሚጎዳ ሞተር የለም። ለዚህ የጉልበት ዋጋ መክፈል፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ አምፖል ለማስቀየር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደ መጥራት ነው። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች የሞተር ዘይትም የነዳጅም ፊልትሮ የላቸውም። የካቢኗ ግን አለቻቸው። የሶማሌ ተራ ዕቃ ሻጮች የሚሸጡት ጨርሶ አላጡም ማለት ነው።

የአየር ፊልትሮም ለመቀየር ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ መፍቻ እንኳ አይጠይቅም፣ የሳጥኑን ክሊፖች በእጅ ማላቀቅ ይበቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ ቀላል ማለት ግድየለሽነት ማለት አይደለም። አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ዘይት መብላት ይጀምራል። ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚውል መኪናና ቱርካና አቧራ ውስጥ የሚመላለስ መኪና በአንድ የኪሎሜትር ልክ አይዳኙም። ከሎኪቻር እስከ ናዳፓል ያለው መንገድ በአስፋልት መሠራቱ ብዙ አቅልሎልናል፤ ካምፑ ውስጥ ያለው አቧራ ግን የት ይሄዳል?

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የወረቀት ፊልትሮ በውሃ አይታጠብም። በኮምፕሬሰር የሚነፋ ከሆነም ግፊቱ ቀነስ ተደርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይደለም፤ ብዙ ጎሚስታ ቤት የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው። ከነፋችሁ በኋላ ውስጡ ባትሪ አብርታችሁ ከውጭ እዩት። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ቀዳዳ ካያችሁ የሚጣል ነው። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ አትክፈቱት። ትንሽ አቧራ የያዘ ፊልትሮ እንዲያውም ከአዲሱ ይልቅ ደቃቁን ያዝ ያደርጋል፤ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ግን አቧራ ወደ ንጹሑ ጎን ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ፣ ፊልትሮውን ስታወጡ ሳጥኑ ውስጥ ንጹሕ በሆነው ጎን ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። አቧራ ካገኛችሁ ጎማው አልገጠመም፣ ወይም ፊልትሮው የዚያ መኪና አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ የነዳጅ ፊልትሮ። ይህን የምንጽፈው ከደረሰብን ተነስተን ነው። አንድ ጊዜ የሙከራ ፈተና ወረቀት ጭነን ስንሄድ መኪናዋ ከሎኪቻር አለፍ ብላ ጉልበት አጣች፣ ተንተፋተፈች፣ ቆመች። ከመነሳታችን ሦስት ቀን በፊት የናፍጣ ፊልትሮዋን ግቢያችን ውስጥ ራሳችን ቀይረናል፤ ሁላችንም ጥፋቱ የእጃችን መስሎን ተፋጠጥን። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ ሲያየው ግን ገጠማው ደህና ነበር። ፊልትሮውን በመጋዝ ሲከፍተው ውስጡ ያለው ወረቀት ከጠርዙ ተላቆ፣ ውሃውም ቆሻሻውም እንዳለ እያለፈ ነበር። ማሸጊያው የታወቀ ስም አለበት፤ ዕቃው ግን ፎርጅድ ነው። በዋጋ ረክሶ ስላገኘነው ደስ ብሎን የገዛነው እኛው ነን። ሹፌሩ ከመለዋወጫው አንድ ሰጥቶን ሎድዋር ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ካኩማ ያሉት ተማሪዎች በማግስቱ ጠዋት ተሰብስበው ጠበቁን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። ትልቅ፣ ንጹሕ፣ ሻይ የሚጋብዝ ጋራዥ (ስሙን አንጠራም) ሰርቪስ አስደርገን ደረሰኙ ላይ «የአየር ፊልትሮ ተቀይሯል» ተብሎ ተጽፎ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ ተመለስን። የእኛ ሹፌር ግን ፊልትሮ ሲያስገባ ጠርዙ ላይ ቀኑንና ኪሎሜትሩን በማርከር የመጻፍ ልማድ ነበረው። ቤት መጥቶ ሳጥኑን ሲከፍት የራሱ የእጅ ጽሑፍ እዚያው ቁጭ ብሏል! ስንመልሰው ይቅርታ ጠይቀው ቀየሩልን፤ ማርከሩ ባይኖር ግን ማን ያምነን ነበር?

ከእነዚህ ሁለቱ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ ወኪሉ ጋ ሄዶ ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው በዋናነት ለዕቃው ነው እንጂ ለጉልበቱ አይደለም። የጋራዡና የመለዋወጫ መሸጫው መስኮት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። መኪናችሁን ሳታስገቡ፣ የሻሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ መሸጫው መስኮት መሄድና ትክክለኛውን ፊልትሮ ብቻ መግዛት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ወኪል ማለት «ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም» ይመስለዋል። ኪሪንያጋ መንገድ፣ ዱሮ ግሮጋን ይባል የነበረው፣ መለዋወጫ የማይገኝበት ዓይነት የለም፤ ደህና ነጋዴም ሞልቶበታል። ነገር ግን ዕቃውን በዓይን መለየት ለለመደ መካኒክም ያስቸግራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የፎርጅድ ዕቃ መከላከያ ሕግ እስከማውጣት የደረሰችው ችግሩ የአንድ ሰው ስላልሆነ ነው። ሌላ ዕቃ ላይ እድላችሁን ብትሞክሩ ግድ የለም፤ የዘይትና የነዳጅ ፊልትሮ ላይ ግን አትሞክሩ።

የናፍጣ ፊልትሮውን ማን ይግጠመው ለሚለው፣ መልሱ እንደ ሞተሩ ነው። እንደ እኛዋ ያለው የዱሮ ናፍጣ ሞተር፣ ፓምፑ ሜካኒካል የሆነው፣ የእጅ ፓምፕ ስላለው አየሩን ማስወጣት የለመደ ሰው ይሠራዋል። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታ አድርጎ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስማ እያንዳንዱ ሹፌር ማወቅ አለበት። ኮመን ሬል የሚባለው አዲሱ ናፍጣ ሞተር ግን ግፊቱ ከአንድ ሺህ ባር በላይ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ ኢንጀክተሩን ይገድለዋል። አዲሱን ፊልትሮ ከጄሪካን በተቀዳ ናፍጣ ሞልቶ መግጠም ለዱሮው ሞተር የተለመደ ዘዴ ነበር፤ ለኮመን ሬል ግን መርዝ ነው፤ ያልተጣራ ናፍጣ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዳላ። ይህን ለሚያውቅ ጋራዥ ስጡት። የቤንዚን መኪና ከሆነም ብዙ ጊዜ ፊልትሮው ነዳጅ መያዣው ውስጥ ስለሆነ አትንኩት።

የቀረው የዘይት ፊልትሮ ነው። መኪኖች እ.ኤ.አ. እስከ 1923 ድረስ ይህ ነው የሚባል የዘይት ፊልትሮ አልነበራቸውም፤ በዚያ ዓመት ኧርነስት ስዊትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ፑሮሌተር ብሎ የሰየመውን ከሠራ በኋላ ነው የተለመደው። ሥራው ራሱ አይከብድም፤ ሰው የሚሳሳተው በጥቃቅኑ ነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሳያዩ አዲሱን ከነጎማው ሲያስሩበት ሁለት ጎማ ይደራረብና መንገድ ላይ ዘይቱ ይፈሳል። የዘይት መብራት እስኪበራ ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ቦታውን በጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን ጎማ ዘይት ቀቡት፣ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ያህል በእጅ ብቻ አጥብቁ። በመፍቻ መቀርቀር አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ሰው ያማርራችኋል። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ሥሩን እዩ፤ አጥፍታችሁም ትንሽ ቆይታችሁ ዘይቱን ለኩ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው በፕላስቲክ ክዳን የሚዘጋው ዓይነት ግን ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፤ መፍቻው ከሌላችሁ ክዳኑን ትሰብሩታላችሁ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ደግሞ በምንም ምክንያት አትግቡ። ይህን ለማስረዳት ታሪክ አንነግራችሁም።

የዋስትናውን ነገር ብዙ ሰው ስለሚፈራው እንነካካው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ፣ አውሮፓም ውስጥ በ2002 የወጣ ደንብ፣ መኪናችሁን ሌላ ቦታ ስላሠራችሁ ብቻ ዋስትናው ይቅር እንዳይባል ለባለመኪናው ጥበቃ ሰጥተዋል። ዲያስፖራ ያለ ዘመድ በስልክ «ምንም አይሉህም» የሚላችሁ ይህን ይዞ ነው፤ ናይሮቢ ላይ ግን የሚሠራው እጃችሁ ላይ ያለው የዋስትና ደብተር ነው። ደብተሩ በየሰርቪሱ የወኪሉን ማህተም የሚጠይቅ ከሆነና ጊዜው ካላለፈ፣ ክፈሉና አስመቱ። አንድ ሞተር ከስንት ሰርቪስ ይበልጣል። ደግነቱ አብዛኛው የናይሮቢ የግል መኪና ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የሚገባ ነው፤ ኬንያ የምታስገባው ዕድሜው ከስምንት ዓመት ያልበለጠውን ነው። እንዲህ ያለው መኪና ሞምባሳ ሲደርስ የፋብሪካው ዋስትና ብዙውን ጊዜ አብቅቷል። ጥያቄው እዚያው ላይ ይቀላል።

የወንድማችንም መኪና እንዲሁ ነበረች፤ ያገለገለች የቤንዚን ቶዮታ፣ ዋስትናዋ ያለቀ። ከእርሱ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ፊልትሮዎቹን በሻሲ ቁጥሯ ከወኪሉ መስኮት በደረሰኝ ይግዛ። የአየሩንና የካቢኗን እሑድ ግቢ ውስጥ ራሱ ይቀይር፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን በማርከር ይጻፍባቸው። ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን፣ ጉድጓድ ወይም ማንሻ ያለው የሠፈር ፈንዲ ጋ ወስዶ፣ የራሱን ዕቃ ሰጥቶ፣ አጠገቡ ቆሞ ያስቀይር። ጁዋ ካሊ ማለት በስዋሂሊ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ማየት ትንሽ ያደክማል፣ ግን ወኪሉ ጋራዥ መስታወት ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጡ ከመጠበቅ የበለጠ ትምህርት አለው። የፍሬን ሥራ፣ የታይሚንግ ቺንጋና በኮምፒውተር የሚመረመር ብልሽት ሲመጣ ደግሞ ያኔ ለጋሼ ነግሮ ወኪሉ ጋ ይሂድ፤ ያጠራቀመው ለዚያ ይሆናል።

እንዳለውም አደረገ። አሮጌዎቹን ፊልትሮዎች ጋዜጣ ላይ ደርድሮ ከደረሰኙ ጋር ለጋሼ አሳያቸው። ጋሼ የካቢኗን አንስተው ውስጧ ያለውን ቅጠልና ጥቁር አቧራ ካዩ በኋላ «ይህን ነው ስንተነፍስ የከረምነው?» አሉት አሉ። ስለ ገንዘቡ ምንም አልተናገሩም።

አንድ ነገር ረስቶ ነበርና ደውሎ ጠየቀን፤ አሮጌውን ዘይት የት ላድርገው? ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ መሬት ላይም አይፈስስም፤ ካምፕ ውስጥ አጥር እንጨት ላይ ምስጥ እንዳይበላው ሲቀቡት የምናየውም ለጉድጓድ ውሃ ደግ አይደለም። ክዳን ባለው ጄሪካን መልሳችሁ ቅዱት፣ አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጣችሁ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ካኩማ ያላችሁ ደግሞ የእኛ መኪና ወደ ናይሮቢ ስትመለስ ባዶ ስለሆነች ጄሪካኑን ጫኑባት፤ ስማችሁን ብቻ ጻፉበት።