ቅርጫት ኳስ በገዳሪፍ ላሉ ስደተኛ ሕጻናት ምን ይፈይዳል?

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡ ኢትዮጵያውያን ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ብዙዎቹ የተከዜን ወንዝ ተሻግረው ሐምዳይት ከደረሱ በኋላ በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ተዛውረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ሱዳናውያንንም አስተናግዳለች።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ጨዋታ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአውሮፓውያኑ 1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ስምምነት፣ በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትና ጨዋታ የሁሉም ሕጻናት መብት መሆናቸውን ይደነግጋል።

ለአካልና ለአእምሮ

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ሩጫና ዝላይ የበዛበት ቅርጫት ኳስ ልብን፣ ጡንቻንና አጥንትን ያጠነክራል።

ለስደተኛ ልጅ ግን ከዚህ የማይተናነስ ሌላ ጥቅም አለው። ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ጓደኞቹን በአንድ ጊዜ ያጣ ልጅ ቀኑ መልክ ያጣበታል። በታወቀ ሰዓት የሚጀመር፣ የታወቀ ሕግ ያለውና ስሙን የሚያውቅ አሠልጣኝ የሚጠብቀው ልምምድ ለቀኑ ሥርዓት ይመልስለታል። ስፖርት የሥነ ልቦና ሕክምናን አይተካም፤ ነገር ግን ንቁ አሠልጣኝ ዝምታው የበዛን ወይም ድንገት መምጣት ያቆመን ልጅ ቀድሞ ሊያስተውልና እርዳታ ወደሚያገኝበት ሊመራው ይችላል።

የዋልካው ፈተና

የገዳሪፍ ምድር ለማሽላና ለሰሊጥ የተመቸ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። እግር ኳስን እንደ ነገሩ በሜዳ ላይ መጫወት ይቻላል፤ የቅርጫት ኳስ ግን መሬት ላይ ካልነጠረ ጨዋታው የለም። ስለዚህ ጠንካራ ወለል ግድ ይላል።

ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። ሦስት ለሦስት ለሚደረገው ጨዋታ ግን 15 በ11 ሜትር ይበቃል። ለትናንሽ ልጆችም የቅርጫቱ ከፍታ ከተለመደው 3.05 ሜትር ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ ይላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚያልፍ፣ ልምምዱ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ መሆን አለበት፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃም በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል።

ሴት ልጆችስ?

ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ታናናሾችን መጠበቅ በአብዛኛው የሴት ልጆች ድርሻ ነው። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ብቻውን አያመጣቸውም። ለእነርሱ የተለየ ሰዓት፣ ሴት አሠልጣኝ፣ ምቹ ልብስ፣ ሳይመሽ የሚያልቅ ልምምድና የወላጆች ስምምነት ያስፈልጋል።

ከስደት እስከ ኦሊምፒክ

ከዚያው ቀጣና የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በዋው ከተማ የተወለደው ሉዎል ዴንግ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ በተሰደደበት ጊዜ ከታዋቂው ተጫዋች ማኑት ቦል ቅርጫት ኳስን ተማረ። በአሜሪካው ኤንቢኤ ለዓመታት ከተጫወተ በኋላ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነ። ብዙ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን ያቀፈው ብሔራዊ ቡድንም በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ጨዋታው ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸንፏል።

እዚህ ደረጃ የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የሕጻናት መርኃ ግብርም በዚህ ሊመዘን አይገባውም። መመዘኛው ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መምጣታቸው፣ አሠልጣኙም እዚያው መገኘቱ ነው። ኳስ ታድሎ ከወር በኋላ የሚቋረጥ ሥራ፣ ብዙ ላጣ ልጅ አንድ ተጨማሪ እጦት ይሆንበታል።