ሕጉ ወጥቷል፤ ግን የት ይገኛል?

ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ማጣቀሻ ክፍል የሚመጣ ሰው የአዋጅ ቁጥር ይዞ አይመጣም፤ ጉዳዩን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ጡረታው እንዴት እንደሚሰላ ይጠይቃል። ሌላው በ1967 ዓ.ም. ስለተወረሰ የአባቱ ቤት ማወቅ ይፈልጋል። አንዷ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ምን ምን እንደሚያስፈልጋት በጽሑፍ ማየት ትሻለች። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ይህን ጉዳይ በትዕግሥት አዳምጦ ሰነዱን ከማወቅ ነው። መልሱ ያለው በአዋጅ ነው በደንብ? በመመሪያ ነው በሰበር ውሳኔ? የፌዴራል ነው የክልል? ከወጣ በኋላስ ተሻሽሏል ወይስ እንዳለ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በሰው ኑሮ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ነፍሰ ጡር የሆነች የግል ድርጅት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃዷ ዘጠና ቀን ብቻ እንደሆነ ተነግሯት መጣች። በእጇ የያዘችው ፎቶ ኮፒ የአዋጅ ቁጥር 377/1996 ነበር። ያ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። «እህቴ፣ ይሄኛው ተሽሯል» ብዬ በቦታው የተተካውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አወጣሁላት። አዲሱ ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ በድምሩ 120 ቀን ማለት ነው። በአሮጌው ኮፒና በአዲሱ አዋጅ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት እናት ከጨቅላ ልጇ ጋር የምታሳልፈው አንድ ወር ነው። ሕጉ ከወጣ ቆይቷል፤ እሷ ዘንድ ግን አልደረሰም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣን ሕግ ደግሞ ማንኛውም አካል እንደሚያውቀው ይቆጠራል። ይህ ግምት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ያለ እሱ ፍርድ ቤት መሥራት አይችልም። ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ዜጋው ሕጉን ለማወቅ በፈለገ ጊዜ ሄዶ የሚያገኝበት፣ ገንዘብ የማይከፍልበት፣ «ለምን ፈለግኸው?» ተብሎ የማይጠየቅበት ቦታ ሲኖር ነው። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ለዚህ የተመቸ ቦታ አላውቅም። የመንግሥት መረጃን መጠበቅና ማድረስ ከመደበኛ ሥራችን እንደ ዋነኛው ሊቆጠር ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ነው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሆኖ ይወጣል፤ አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይህን ሁሉ አሰባስቦ መያዝ ሲወራ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን እትሞቹ በየዓመቱና በየቁጥሩ ተለቅመው፣ የጎደለው ተፈልጎ፣ ማረሚያው ከዋናው ጋር ተያይዞ መጠረዝ አለባቸው። አዋጅ በተሻሻለ ቁጥር በአሮጌው የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በአዋጅ ቁጥር ይህን ያህል ተሻሽሏል» የሚል ወረቀት እናያይዛለን። ይህች ትንሽ ወረቀት ከሌለች አንባቢ ጊዜው ያለፈበትን ሕግ ይዞ ይወጣል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያውም አሳሳች ይሆናል።

የተሻረ ወይም የቆየ ሕግ ይጣል ማለት ግን አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበትን አዋጅ 47/67 የሚጠይቁን ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የቤት ክርክር ሥሩ እዚያ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም በውርስና በውል ጉዳይ ይጠቀሳል። ክርክር የሚዳኘው ነገሩ በተፈጸመበት ጊዜ በጸናው ሕግ እንደመሆኑ፣ መደርደሪያ ለማቃለል ብሎ አሮጌ ጥራዝን ማስወገድ የአንድን ሰው ማስረጃ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረን መመሪያ ነው። አዋጁን የተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንቡን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ ሁለቱም በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። ባለጉዳዩን በየመስኮቱ የሚገጥመው ግን መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት መመሪያ ነው። ለረጅም ጊዜ መመሪያ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚኖር ነገር ነበር፤ ባለጉዳዩ የሚሰማው «መመሪያው አይፈቅድም» የሚለውን ቃል እንጂ ወረቀቱን አያይም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለመለወጥ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ፣ የጸደቀው መመሪያ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ በዛሬው ፍትሕ ሚኒስቴር፣ ተመዝግቦ ቁጥር እንዲሰጠውና በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል። ይህ ለቤተ መጻሕፍት ትልቅ በር ከፍቷል፤ በበሩ መግባት ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። መመሪያውን ከድረ ገጹ አውርዶ፣ የወረደበትን ቀን ጽፎ፣ አትሞ፣ በካታሎግ አስገብቶ ማስቀመጥ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ይችላል።

በድረ ገጽ መውጣት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መንግሥት አስፈጻሚ አካላትን እንደገና ባደራጀ ቁጥር የሚኒስቴሮች ስም ይለወጣል፤ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውሳለን። የመሥሪያ ቤቱ ስም ሲለወጥ የድረ ገጹ አድራሻም አብሮ ሲለወጥ፣ በአሮጌው አድራሻ የነበረው ሪፖርት፣ ቅጽና መመሪያ ሁልጊዜ አብሮ አይሻገርም። ሌላው ችግር የፊደል ነው። ብዙ የቆዩ ሰነዶች የተተየቡት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይዘረግፋሉ። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ በስካን የተያዙትንም በቃል እንዲፈለጉ ማድረግ አሁኑኑ ሊጀመር የሚገባ ሥራ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወረው ፋይል ደግሞ ለብቻው ያሳስበኛል፤ ያልጸደቀ ረቂቅ እንደ ሕግ ተይዞ ሲመጣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ሰነዱ የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ፣ ቁጥርና ቀን እንዳለው ለአንባቢ ማሳየት ከምንሰጠው አገልግሎት ትልቁ ነው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥት ሕትመቶች ከዋና ከተማው ውጭ ወዳሉ ቤተ መጻሕፍት እንዲላኩ የወሰነው በ1813 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከ1,000 በላይ ቤተ መጻሕፍት የመንግሥት ሰነድ ተቀብለው ለማንኛውም ሰው በነፃ ክፍት ያደርጋሉ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የፕሬዚዳንት ዘመን ባበቃ ቁጥር ቤተ መጻሕፍትና የኢንተርኔት ማኅደር ድርጅቶች ተባብረው የመንግሥትን ድረ ገጾች ይቀዳሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰነድ በብዙ እጅ ሲያዝ አንዱ ቢያጠፋው እንኳ ሌላው ዘንድ ይተርፋል።

እኛም መነሻ አለን። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን ሕትመት የመሰብሰብ ኃላፊነት አለበት፤ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን አንድ ላይ አቋቁሟል። ነገር ግን ከጎንደር ወይም ከጂንካ አዲስ አበባ ድረስ ለአንድ መመሪያ የሚመጣ ሰው ሊኖር አይገባም። የአማራ ክልል ሕጎቹን በዝክረ ሕግ፣ ኦሮሚያ በመገለታ ኦሮሚያ፣ አዲስ አበባ በአዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ያወጣሉ። በየክልሉ አንድ የዩኒቨርሲቲና አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕግ ተለይተው የፌዴራሉንና የክልላቸውን ሕትመት በቋሚነት ቢቀበሉ፣ ሕጉና ሕዝቡ በአንድ ከተማ ይገናኛሉ።

መጠበቁ ከማድረስ ካልተገናኘ ግን ግማሽ ሥራ ነው። አንባቢ መሥሪያ ቤቱን ሳይሆን ጉዳዩን ስለሚያስብ፣ መደርደሪያውም «መሬት»፣ «ሥራና ደመወዝ»፣ «ጡረታ»፣ «ንግድና ግብር» ተብሎ ቢደራጅ ይቀለዋል። ማንበብ ለማይችሉ እናትና አባት አንቀጹን ጮክ ብሎ ማንበብም ሥራችን ነው፤ ምክር መስጠት ግን አይደለም፤ ጽሑፉን እናቀርባለን፣ ትርጉሙን ለጠበቃና ለፍርድ ቤት እንተዋለን። የተፈለገው ሰነድ ሳይታተም ሲቀር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንገድ አሳይቷል። ዜጋው መረጃ እንዲሰጠው መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃል፤ መልሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከተከለከለም ጉዳዩን ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያደርሳል። ጥያቄውን እንዴት እንደሚጽፍ ማሳየትና ባዶ ቅጹን ማዘጋጀት ከቤተ መጻሕፍት አቅም በላይ አይደለም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ በያላችሁበት ቤት የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዛችሁን ፈትሹ፣ የጎደለውን ቁጥር መዝግቡ፣ የክልላችሁን ጋዜጣ ጠይቁ፣ ለመመሪያ አንድ ኃላፊ መድቡ። ለአንባቢዎቼም፦ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሂዱና ኑሯችሁን የሚነካውን አንድ ሕግ ጠይቁ። ካልተገኘ እንዲመጣ ጠይቁ፤ ተመልሳችሁም ጠይቁ። ቤተ መጻሕፍት የሚሞላው ሰው በጠየቀው መጠን ነው፤ ማንም የማይጠይቀው ሰነድ ግን በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።