«ዲ» እና «ፉ»፦ የጣልያን አያት መዝገብ እንዴት ይነበባል?

በድሮ የጣልያን መዝገብ «ጁዜፔ ዲ አንቶንዮ» የሚል ካገኛችሁ፣ ጁዜፔ የአንቶንዮ ልጅ ነው፤ አባቱም በሕይወት አለ። ከዓመታት በኋላ ያው ሰው «ጁዜፔ ፉ አንቶንዮ» ተብሎ ከተጻፈ አንቶንዮ አርፏል። ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ለሚጠራ ኢትዮጵያዊ አጻጻፉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጣልያኖቹ የጨመሩት የአባትየውን መኖርና መሞት ነው። ለዘር ፈላጊ ግን ይህች «ፉ» ትልቅ ሥራ ትሠራለች፦ የአባትየው ሞት በየትኞቹ ዓመታት መካከል እንደሚፈለግ ትጠቁማለች።

መዝገቡን የጀመረችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1563 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የትሬንት ጉባኤ የየቁምስናው ቄስ ክርስትናንና ጋብቻን በመጽሐፍ እንዲመዘግብ አዘዘ። የመንግሥት የክብር መዝገብ ደግሞ ከናፖሊዮን ጋር ገባ። በናፖሊ መንግሥት በ1809 ተጀመረ፤ ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላም ደቡቡ ሥርዓቱን አልተወም፤ ሲሲሊም በ1820 ተከተለች። በአብዛኛው ሰሜን ግን ተቋረጠ። ለመላው አገር የተደነገገው የጣልያን አንድነት ከታወጀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1866 ነው። ዘግይተው የተቀላቀሉት ቬኔቶና ሮም ከ1871 ጀመሩ። በድህነቱ የሚነሳው ደቡብ በመዝገብ በኩል ባለጸጋ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ የደቡብ የልደት መዝገብ ቀረብ ብለን እንይ። ቅጹ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ ክፍት ቦታው በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ቀኑና ዓመቱ በፊደል ተዘርዝረዋል። አባት ወይም አዋላጅ ሕፃኑን ይዞ የመዝገብ ሹሙ ፊት ይቀርባል። የአባት ስም፣ ዕድሜና ሥራ ይጻፋል፤ ገበሬ፣ ጫማ ሰፊ፣ እረኛ። እናት የምትመዘገበው በራሷ የቤተሰብ ስም ነው፤ ስታገባ አትለውጠውም። እንደኛው ሁሉ ማለት ነው፤ የእናትን ዘር ለመቁጠር ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሁሉ የሚያጠግበው የደቡቡ የጋብቻ ዶሴ ነው። ተጋቢዎቹ የልደት ማስረጃቸውን ያያይዛሉ። የሙሽራው አባት ከሞተ የሞት ማስረጃው፣ ፈቃድ የሚሰጠው አያትም ከሌለ የአያቱ የሞት ማስረጃ ይጨመራል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሠርግ ሦስት ትውልድ በአንድ ዶሴ ያስቀምጣል፤ ከቅድመ አያት የጀመረ ሰው ምንጅላቱ ላይ ሊደርስ ይችላል።

መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ነበር። አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ ይቀራል፤ ሁለተኛው ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ኋላ በአውራጃው ከተማ ወደሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገባል። ይህ ቅጂ ነው ዛሬ ፎቶ እየተነሳ «አንቴናቲ» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚታየው። ትርጉሙም «ቅድመ አያቶች» ነው። ሁሉም አውራጃ ግን ገና ተሟልቶ አልገባም።

አሁን ወደ ችግሩ። እነዚህ መዝገቦች የተደራጁት በየማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ «ጣልያናዊ ነበሩ» የሚል መረጃ ብቻውን የትም አያደርስም፤ መንደሩ መታወቅ አለበት። አሜሪካ የገቡ ስደተኞች የልጅ ልጆች ብዙ ጊዜ «አያቴ የናፖሊ ሰው ነው» ይላሉ፤ ናፖሊ ግን ብዙውን ጊዜ መርከብ የተሳፈሩባት ወደብ ናት። መንደሩ ከተገኘ በኋላም ሌላ ወጥመድ አለ። የበኩር ልጅ በአባቱ አባት ስም የመጠራት ልማድ ስላለ፣ የአንድ አያት የልጅ ልጆች በአንድ መንደር፣ በተቀራራቢ ዕድሜ፣ በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። የሚለያቸው የእናታቸው ስም ነው።

ይህ ነገር የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። በአዲስ አበባም በአስመራም የጣልያን ወታደር ወይም ሠራተኛ አያት ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። የፋሺስቱ መንግሥት በግንቦት 1940 ባወጣው ሕግ ጣልያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። ስለዚህ ፍለጋውን ከልጁ የልደት መዝገብ መጀመር ብዙ ጊዜ ባዶ ያስቀራል። የሚሻለው ከወታደሩ መነሳት ነው። በየአውራጃው ቤተ መዛግብት የምልመላ ዝርዝር አለ፤ በተወለዱበት ዓመት የተደረደሩ ወንዶች ከአባትና ከእናት ስም፣ ከትውልድ ቦታ፣ ከቁመትና ከሥራ ጋር ተጽፈውበታል። የአገልግሎት መዝገቡ ደግሞ ወታደሩ የት እንደተላከ ያሳያል። ለዚህም ቢያንስ አውራጃው መታወቅ አለበት።

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ለዜግነት ብሎ ነው። ጣልያን ግን በ2025 በትውልድ የሚገኘውን ዜግነት በእጅጉ ስላጠበበች፣ ቅድመ አያትን ማግኘት ብቻውን ፓስፖርት ማግኘት አይደለም።

እንግዲህ የጣልያን ደም በቤታችሁ ካለ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት እማማን ወይም አባባን ጠይቁ። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡ፤ ደብዳቤ ካለ የፖስታ ማኅተሙን አንብቡ። የምትፈልጉት የአንድ መንደር ስም ነው። መዝገቡ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ይቆያል፤ የመንደሩን ስም የሚያስታውሱት ሰዎች ግን አይቆዩም።